ኮልሪጅ በሕልሙ ያያት ሐበሻዊት፦ ግሸን አምባ በእንግሊዝኛ ምትሃታዊ ግጥም ውስጥ

በ1797 እንግሊዛዊው ገጣሚ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከባሕር ጠረፍ ብዙም በማይርቅ አንድ ገለልተኛ የገበሬ ቤት አርፎ ነበር። ጤናው ታውኮ ስለነበር ኦፒየም ያለበት ማስታገሻ ወሰደ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ስለ ሩቅ አገሮች የሚተርክ አንድ አሮጌ መጽሐፍ በማንበብ ላይ ሳለ እንቅልፍ ጣለው።

ገጣሚው ከዓመታት በኋላ እንደተረከው፣ ለሦስት ሰዓታት ያህል በተኛበት ጊዜ ከ200 እስከ 300 የሚደርሱ ስንኞች ያለ አንዳች ጥረት በአእምሮው ተሰደሩ። እንደነቃ ብዕርና ወረቀት አንሥቶ መጻፍ ጀመረ። ይሁን እንጂ ፖርሎክ ከተባለች በአቅራቢያው ካለች መንደር ለጉዳይ የመጣ ሰው አስጠርቶት ከአንድ ሰዓት በላይ አቆየው። ወደ ክፍሉ ሲመለስ የቀረው ግጥም እንደ ጉም በኖ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ ሕልም ተረፉ የተባሉት 54 ስንኞች "ኩብላ ካን" በሚል ርእስ ይታወቃሉ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከተጻፉ ምትሃታዊ ግጥሞች ሁሉ እጅግ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ብዙ የአማርኛ አንባቢ ላያውቀው የሚችለው ግን በግጥሙ መጨረሻ ላይ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጃገረድ ብቅ ማለቷንና የምትዘምርለት ተራራም መነሻው በወሎ የሚገኘው ግሸን አምባ መሆኑን ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።)

ግጥሙ ስለ ምንድን ነው?

ግጥሙ የሚጀምረው በሩቅ ምሥራቅ ነው። የሞንጎሎቹ ንጉሠ ነገሥት ኩብላይ ካን ዛናዱ በተባለ ስፍራ የደስታ አዳራሽ እንዲታነጽለት ያዛል። በቅጥር የታጠረ ለም ምድር፣ መዓዛቸው የሚያውድ ዛፎች፣ በዋሻ ውስጥ ሰምጦ ፀሐይ ወደማታውቀው ባሕር የሚፈስ ቅዱስ ወንዝ ይታያል። ከምድር ጥልቅ የሚፈነዳው ምንጭ ድንጋይ እያንሣፈፈ ሲወረወር፣ ካኑ በሁካታው መካከል የጥንት አባቶቹን ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ጦርነት እንደሚመጣ ይተነብያል።

ከዚያ በኋላ ግጥሙ በድንገት አቅጣጫውን ይለውጣል። ተናጋሪው በአንድ ወቅት በራእይ ያያትን ሐበሻዊት ልጃገረድ ያስታውሳል። ልጃገረዷ በትንንሽ መዶሻ የሚመታ ባለ አውታር መሣሪያ እየተጫወተች "አቦራ" ስለተባለ ተራራ ትዘምራለች። ገጣሚው ዜማዋን መልሶ በውስጡ ማግኘት ቢችል ያንን አዳራሽ በአየር ላይ ሊያንጽ እንደሚችል፣ የሚያዩትም ሰዎች ከሰው በላይ ኃይል እንዳደረበት ቆጥረው እንደሚፈሩት ይናገራል። ግጥሙ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሞንጎሊያንና ኢትዮጵያን በ54 ስንኞች ውስጥ ምን አገናኛቸው? መልሱ ኮልሪጅ ሲያነብባቸው በነበሩ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ከተፈጥሮ በላይ ያለውን የመረጠ ገጣሚ

ኮልሪጅ በ1772 በዴቨን አውራጃ ተወለደ። በ1798 ከወዳጁ ከዊልያም ዎርድስዎርዝ ጋር ያሳተመው የግጥም መድበል በእንግሊዝኛ ሥነ ግጥም አዲስ ዘመን እንደከፈተ ይነገርለታል። ኮልሪጅ በ1817 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳብራራው ሁለቱ ገጣሚዎች ሥራ ተከፋፍለው ነበር። ዎርድስዎርዝ የዘወትሩን ሕይወት አዲስ አድርጎ እንዲያሳይ፣ ኮልሪጅ ደግሞ ከተፈጥሮ በላይ የሆነውን እውነት እስኪመስል ድረስ እንዲጽፍ ተስማሙ። አንባቢ እያወቀ፣ ለጥቂት ጊዜ ጥርጣሬውን ወደ ጎን ትቶ እንዲከተለው ማድረግ የግጥም እምነት እንደሆነ ያስረዳው በዚሁ መጽሐፍ ነው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ቴአትርና ስለ ፊልም በሚደረጉ ውይይቶች ይነሣል።

ውጤቱ "የጥንቱ መርከበኛ" የተሰኘው ረጅም ግጥም ሆነ። በግጥሙ አንድ መርከበኛ ያለ ምክንያት ወፍ ገድሎ መርገምን ይጠራል፤ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ ሬሳዎቹም ተነሥተው መርከቧን ይቀዝፋሉ። "ክሪስታቤል" የተባለው ሌላው ግጥሙ ደግሞ በሌሊት ወደ ግንብ ስለገባች ምስጢራዊት ሴት ይተርካል። አሜሪካዊው የአስፈሪና እንግዳ ልብ ወለድ ጸሐፊ ኤች ፒ ላቭክራፍት በ1927 ባወጣው የዘርፉ ታሪካዊ ዳሰሳ እነዚህን ሁለት ግጥሞች ይጠቅሳል።

"ኩብላ ካን" ግን ለ19 ዓመታት ያህል ሳይታተም ቆየ። በ1816 በገጣሚው ሎርድ ባይረን ግፊት ከ"ክሪስታቤል" ጋር ለኅትመት ሲበቃ፣ ኮልሪጅ ያቀረበው ለግጥምነቱ ሲል ሳይሆን ለሥነ ልቦና ምርምር የሚያገለግል እንግዳ ነገር አድርጎ መሆኑን በመግቢያው ጽፏል።

"አቦራ" ወይስ "አማራ"?

አቦራ የተባለ ተራራ በየትኛውም ካርታ ላይ አይገኝም። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ልዩ ልዩ መላ ምቶችን ሲሰነዝሩ ቆይተዋል። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊቪንግስተን ሎውስ የኮልሪጅን ንባብ ገጽ በገጽ ተከትሎ በ1927 ባሳተመው ጥናት፣ ስሙን በኢትዮጵያ ጉዞዎች ውስጥ ከሚጠቀሱ የወንዝ ስሞች ጋር አያይዞታል። ከእነዚህ አንዱ የአትባራ ወንዝ ጥንታዊ መጠሪያ የሆነው አስታቦራስ ነው።

በ1934 ግን የግጥሙ የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውና "የክሩ ቅጂ" በመባል የሚታወቀው ይህ ወረቀት በኮልሪጅ በራሱ እጅ የተጻፈ ነው። በዚያ ላይ የተራራው ስም "አቦራ" ሳይሆን "አማራ" ነው።

"የአማራ ተራራ" ለእንግሊዝ አንባቢ እንግዳ አልነበረም። ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው "የጠፋችው ገነት" በተሰኘው ታላቅ ሥራው፣ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት፣ አንዳንዶችም እውነተኛዋ ገነት የሚሉት ተራራ እንደሆነ ጠቅሶታል። ሚልተን ተራራውን ያነሣው ከእውነተኛዋ ኤደን ጋር እንደማይወዳደር ለመግለጽ ነው። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች "አማራ" ሲሉ የሚያመለክቱት አምባው የሚገኝበትን፣ በኢትዮጵያ የታሪክ ምንጮች ቤተ አምሐራ የሚባለውን አገር ነው።

እውነተኛው አምባ

ግሸን አምባ በአምባሰል የሚገኝ፣ ዙሪያውን በገደል የተከበበ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በትውፊት ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ስፍራ በመሆኑ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናን ይሳለሙታል።

በመካከለኛው ዘመን ግን አምባው ሌላም አገልግሎት ነበረው። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 ሥልጣን ከያዙ በኋላ በዘር ሐረጋቸው መካከል የዙፋን ሽኩቻ በረታ። ዙፋኑን የሚወርሰው የግድ የበኩር ልጅ ነው የሚል ጽኑ ሥርዓት ስላልነበረ፣ የንጉሥ ደም ያለበት ወንድ ሁሉ ለአመፀኛ መሣሪያ ሊሆን ይችል ነበር። መፍትሔ የተደረገው የነገሥታትን ወንድ ልጆች ወደ አምባ አውጥቶ በዘብ ማስጠበቅ ነበር። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከመካከላቸው አንዱን መርጠው ያወርዱ ነበር። ያልተመረጡት ከነልጆቻቸውና ከነልጅ ልጆቻቸው እዚያው ይቀራሉ።

ይህንን ሥርዓት ለአውሮፓ በዝርዝር ያስተዋወቀው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ ቆይቷል። የእርሱ ትረካ የገነት ታሪክ አይደለም። ከመሳፍንቱ ወደ ንጉሡ መልእክት ይዞ የመጣ አንድ መነኩሴ ከአንዳንድ ዘቦች ጋር እንዴት እንደተቀጣ፣ የንጉሡ ወንድምና አጎት ከአምባው አምልጠው ምን እንደደረሰባቸው ጽፏል። በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ ተራራው እስር ቤት ነው።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ ሊዝበን ላይ የታተመው በ1540 ነው። በዚያው ዓመት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ግሸን አምባን ያዘ። በአምባው የነበሩት ተገደሉ፤ ለዘመናት የተከማቸው የነገሥታት ሀብትም ተዘረፈ። አውሮፓ ስለ መሳፍንቱ እስር ቤት ማንበብ በጀመረችበት ዓመት እስር ቤቱ ፈርሷል።

ሳያዩት የጻፉት

እስር ቤቱ እንዴት ገነት ሆነ? ዋናውን ድርሻ የሚወስደው ሉዊስ ዴ ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ ነው። ኡሬታ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ ግን አምባውን በቤተ መንግሥቶች፣ በአትክልት ስፍራዎችና በዓለም ወደር በሌለው ቤተ መጻሕፍት አስጌጦ አቀረበው። በቤተ መጻሕፍቱ የሄኖክና የአብርሃም ጽሑፎች ሳይቀሩ ይገኛሉ አለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ቄስ ሳሙኤል ፐርቻስ ስለ ዓለም ሕዝቦችና ሃይማኖቶች ባሳተመው ግዙፍ መጽሐፍ ይህንኑ ትረካ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አቀረበ። ፐርቻስም ተጓዥ አልነበረም፤ የሌሎችን የጉዞ ታሪኮች ሰብሳቢ ነበር። የሞንጎሉ ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥትና የአማራ ተራራ በአንድ ጥራዝ የተገናኙት እዚህ ነው። ኮልሪጅ በዚያች ቀን ሲያነብበው እንቅልፍ የወሰደው መጽሐፍም ይኸው የፐርቻስ ሥራ ነው።

የኡሬታን ስሕተት ያረመ ሰው አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከ1603 እስከ ሞተበት እስከ 1622 በኢትዮጵያ ኖሯል። ቋንቋውን ተምሯል፤ በ1618 የዓባይን ምንጭ አይቷል። ትልቁን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉን የጻፈውም በአብዛኛው የኡሬታን ፈጠራ ነጥብ በነጥብ ለማስተባበል ነበር። ሆኖም የፓኤዝ ጽሑፍ ለኅትመት የበቃው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። እርማቱ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በመዛግብት ቤት ተዘግቶበት ሲቆይ፣ ተረቱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተሻገረ ለሚልተንና ለኮልሪጅ ደረሰ።

ከኡሬታ ፈጠራዎች መካከል አንዱ ብቻ ከእውነት የራቀ አልነበረም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱ ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ የወሰደው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው።

ጎንደር የደረሰው ምስክር

ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ተመለከተ። በ1790 በአምስት ቅጽ ያሳተመውን የጉዞ ማስታወሻ ኮልሪጅ አንብቦታል፤ "ኩብላ ካን"ን ከመጻፉ በፊት ባሳተመው ሌላ ግጥም የግርጌ ማስታወሻ ላይ በስም ይጠቅሰዋል። በ"ኩብላ ካን" ውስጥ ከምድር ለሚፈልቀው ምንጭ አንዱ መነሻ ብሩስ ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈው ገለጻ እንደሆነ ሎውስ ያስረዳል።

በብሩስ ዘመን የመሳፍንት እስር ቤት ከግሸን ወደ ወኅኒ አምባ ከተዛወረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ይህ ሥርዓት በጎንደር ነገሥታት ዘመን የታደሰ ሲሆን፣ "ወኅኒ ቤት" የሚለው የአማርኛ ቃልም ከዚሁ አምባ ስም ጋር ይያያዛል። ብሩስ ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ራስ ሚካኤል ሥሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው በምትካቸው ዳግማዊ ዐፄ ዮሐንስን ከወኅኒ አውርደው አንግሠዋል። አዲሱ ንጉሥ ዕድሜያቸውን በአምባው የጨረሱ፣ ቀድሞ ለማምለጥ በመሞከራቸው አንድ እጃቸውን ያጡ ሽማግሌ ነበሩ። ከወራት በኋላ በዚያው ዓመት ተመርዘው ሞቱ።

ኮልሪጅ ከእንዲህ ያለው ታሪክ ወደ ግጥሙ ያስገባው ተራራውንና ምንጩን ነው። እስረኞቹ አልገቡም።

እስር ቤቱን ያልረሳው ጸሐፊ

ከእንግሊዝ ጸሐፊዎች መካከል የተራራውን ሌላ ገጽታ ያልዘነጋው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን በወጣትነቱ፣ በ1735፣ በኢትዮጵያ የኖረውን የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር። በ1759 ያሳተመው "ራሴላስ" የተሰኘው ልብ ወለድ በአምሐራ አገር፣ ደስታ በሞላበት ሸለቆ ውስጥ ስለተዘጋበት የኢትዮጵያ ልዑል ይተርካል። የልዑሉ ስም የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተወሰደ እንደሆነ ይታመናል።

በጆንሰን ሸለቆ ውስጥ ምግብና ሙዚቃ ሞልቷል፤ የጎደለው መውጫ በር ነው። ልዑሉ ከእኅቱና ከአንድ ባለቅኔ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ያመልጣል። ጆንሰንም ኢትዮጵያን አላየም፤ ሸለቆውም ፈጠራው ነው። ነገር ግን ያማረ እስር ቤት ያው እስር ቤት መሆኑን አልሳተም። መጽሐፉ በ1940ዎቹ በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ ታሪኩ ተነሣበት ወደተባለው አገር አንባቢዎች ተመልሷል።

ሕልሙ እውነት ነበር?

የኮልሪጅ የሕልም ታሪክ ራሱ አከራካሪ ነው። በ1816ቱ መግቢያ ላይ ከባድ እንቅልፍና የፖርሎኩ እንግዳ አሉ። በክሩ ቅጂ ላይ ያለው አጭር ማስታወሻ ግን ግጥሙ የተቀነባበረው ለተቅማጥ ሕመም በተወሰደ ኦፒየም ሳቢያ በመጣ ሰመመን መሆኑን ይገልጻል፤ ስለ እንግዳው ምንም አይልም። በዚህ የተነሣ እንግዳው ግጥሙ ሳይጠናቀቅ ለመቅረቱ ኋላ የተፈጠረ ሰበብ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

በሌላ በኩል አርጀንቲናዊው ደራሲ ሆርሄ ሉዊስ ቦርሄስ አንድ የሚያስደንቅ ግጥምጥሞሽ አስተውሏል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ፋርሳዊ ታሪክ ጸሐፊ ራሺድ አል ዲን እንደዘገበው፣ ኩብላይ ካን ራሱ ቤተ መንግሥቱን ያነጸው በሕልሙ ባየው ንድፍ መሠረት ነበር። ይህ ዘገባ በአውሮፓ ቋንቋ የታወቀው ኮልሪጅ ግጥሙን ካሳተመ በኋላ ነው። ንጉሡ ሕንፃውን በሕልሙ አየ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ገጣሚው ስለዚያው ሕንፃ ግጥም አለመ። በቻይና የውስጥ ሞንጎሊያ ግዛት የሚገኘው የሻንግዱ ፍርስራሽ ከ2012 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በአምባው የተዘመረው

የኮልሪጅ ልጃገረድ የምትጫወተው መሣሪያ በገና፣ ክራር ወይም መሰንቆ አይደለም። ገጣሚው የሰጣት የአውሮፓና የእስያ መሣሪያ ነው። የዘፈኗንም ቃል አልጻፈም። ግጥሙ የሚለው፣ ዜማዋ ቢታወስ ኖሮ ተአምር ይሠራ ነበር ነው።

ይሁን እንጂ ያ ተራራ የራሱ ድርሰቶች አሉት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 ከመንገሣቸው በፊት በግሸን ከታሰሩት መሳፍንት አንዱ እንደነበሩ ይነገራል። በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም በአብያተ ክርስቲያናት ዘወትር እንዲነበብ ያዘዙት እርሳቸው ናቸው። ሙታን የሚነሡበት፣ ኃጢአተኛ በአንድ ጥርኝ ውኃ የሚድንበት ይህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ የምእመናን ጆሮ ያልተለየው የተአምራት ትረካ ነው።

በ1494 የነገሡት ዐፄ ናዖድም ከግሸን ወርደው ዙፋን የያዙ ናቸው። መልክአ ማርያምን የደረሱት እርሳቸው እንደሆኑ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የእመቤታችንን አካል በስንኝ እያመሰገነ የሚወርደው ይህ ድርሰት በካህናትም በምእመናንም ይደገማል።

ኮልሪጅ ይህንን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ያገኛቸው መጻሕፍት ስለ ተራራው ግንቦችና አትክልቶች እንጂ በላዩ ስለታሰሩት ሰዎች ድርሰት አልነገሩትም። "ኩብላ ካን"ን በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚያነብ ሰው ግን ገጣሚው ጠፋብኝ ያለውን ዜማ የሚያደምጠው በሌላ በኩል ነው፤ ከአምባው የወረዱት ንጉሥ ደረሱት የሚባለው ምስጋና ዛሬም ማለዳ ማለዳ ይሰማል።